«ልጄ ስፖርት ጠላች» ላልሽው እናት

ጥያቄ፦ «ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ 7ኛ ክፍል ናት። የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። እስከ 5ኛ ክፍል ድረስ ከወንድሟ ጋር ሰፈር ውስጥ ኳስ ስትጫወት፣ ሱዚ ስትዘል ነበር የምትውለው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ስፖርት ባለባት ቀን ጠዋት ‹ሆዴን አመመኝ› ትላለች። ከሄደችም ጥግ ይዛ ትቀመጣለች አሉኝ። መምህሯ ጠርቶኝ ‹ሰንፋለች፣ ስልክ ነው ያበላሻት› አለኝ። አባቷ ‹ሴት ልጅ ስፖርት ምን ያደርግላታል፣ መዝለሉም ለክብሯ ጥሩ አይደለም፣ ተያት› ይላል። አክስቷ ደግሞ በወር አበባ ጊዜ መሮጥ ማህፀን ይጎዳል ብላ አስፈራርታታለች። ግራ ገባኝ። ጂም ላስገባት? ቴኳንዶ ላስመዝግባት? ወይስ እንደ አባቷ ልተዋት?»

ምላሽ፦

ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም። ሰነፍ ልጅ ቀን አይመርጥም። ያንቺ ልጅ ሆዷን የሚያማት ስፖርት ባለባት ቀን ብቻ ከሆነ፣ እዚያ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የምትሸሸው ነገር አለ። ሥራሽ ያንን ነገር ማግኘትና ማንሳት ነው። ምክር፣ ቁጣና «አይዞሽ ትችያለሽ» ለጊዜው ይቆይ። ስልኩንም ለጊዜው ተዪው። ስልክ ልጆችን ቁጭ እንደሚያደርግ አልክድም፣ ግን እኔ የማያቸው አብዛኞቹ ልጃገረዶች መጀመሪያ ከሜዳው ወጡ፣ ስልኩ ላይ የተቀመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ሆዴን አመመኝ ስትልም ትዋሻለች ብለሽ አትነሺ። የተጨነቀ ልጅ ሆዱን የምር ያመዋል። በዚያ ላይ የወር አበባዋ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፣ ላንቺ ሳትነግርሽም ሊሆን ይችላል።

ብቻሽንም አይደለሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ አይተው ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ታዳጊዎች 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ ጽፈዋል። ወንዶቹ 78 በመቶ፣ ሴቶቹ 85 በመቶ። ልዩነቱ ተፈጥሮ ያመጣው አይደለም። 8 ዓመት የሆናት ሴት ልጅ እንደ ወንዱ ትሮጣለች። ከ11 ዓመት በኋላ ነው አንድ በአንድ ከሜዳ የሚጠፉት፣ የሚጠፉበትም ምክንያት ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው።

እስቲ ክፍለ ጊዜውን በዓይንሽ ሳዪው። ብዙ የከተማችን የግል ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ የተሠራ ግቢ ተከራይተው ነው የሚያስተምሩት። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፣ ኳሱ አንድ፣ ልጁ ደግሞ ብዙ። ፊሽካ ሲነፋ ኳሱን ወንዶቹ ይወስዱታል፣ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ይቆማሉ። ከዚያ ለውጤት የሚያዝ ፈተና ይመጣል፣ ፑሽ አፕ፣ ሲት አፕ፣ የዙር ሩጫ፣ በየተራ፣ ስም እየተጠራ፣ ክፍሉ በሙሉ ቆሞ እያየ። 10 ዓመቷ እያለ ይህ ሁሉ ምንም አልነበረም። አሁን ጡቷ ወጥቷል፣ ዳሌዋ ሰፍቷል፣ ቱታዋ ያምናው ነውና ጠቧታል። ሲት አፕ ስትሠራ እግሯን የሚይዝላት አጠገቧ የተሰለፈው ወንድ ልጅ ነው። ሲያልቅ መታጠቢያ የለም፣ ልብስ መቀየሪያ የለም፣ ላብ በላብ እንደሆነች ሒሳብ ክፍል ትገባለች። የመጸዳጃ ቤቱ በር መቀርቀሪያ ተነቅሏል፣ ውሃውም በፈረቃ ነው። ይህን ሁሉ ባንድ ቀን ከምትችል «ሆዴን አመመኝ» ብላ ብትቀር አልፈርድባትም።

አንድ ምልክት ልንገርሽ። ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ ታስራለች? ፀሐይም ቢሆን አትፈታውም? እንደዚያ ከሆነ የምትሰጋው ወይ ደም እንዳይታይባት ነው፣ ወይ ሰው ከኋላዋ እንዳያያት ነው። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው፣ መፍትሔው ግን ለየብቻ ነው። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ ገንዘብ አታውጪ።

ወደ አክስቷ ልምጣ። በወር አበባ ጊዜ መሮጥ ማህፀን አይጎዳም። አያዞረውም፣ አያወርደውም፣ መካንም አያደርግም። ደራርቱ ቱሉ ዕድሜዋን ሙሉ ሮጣ፣ ወልዳ፣ ተመልሳ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትሩን አሸንፋለች። ጥሩነሽ ዲባባም ከወለደች በኋላ ነው በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ ያመጣችው። እንዲያውም አዘውትሮ መንቀሳቀስ የወር አበባ ቁርጠትን እንደሚያቀልል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ይህ ማለት ግን በጠናባት ቀን ተነስታ ትሩጥ ማለት አይደለም። የከበዳት ቀን ማረፍ መብቷ ነው። አክስቷ ያለችው ነገር የሚጎዳት በየወሩ አምስት ስድስት ቀን «ሰውነቴ ታማሚ ነው» ብላ እንድታስብ ስለሚያደርጋት ነው።

የወር አበባው ላይ የሚያስፈራት ህመሙ ከሆነ፣ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሆዷ ላይ መያዝና ቀስ ብሎ መራመድ ብዙዎችን ይረዳል። ካልበቃ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ አለ። መጠኑን ግን ፋርማሲስት ይንገርሽ፣ በባዶ ሆድ አትውሰደው፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ካለባት ደግሞ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጣት። የሚያስፈራት መፍሰሱ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ክንፍ ያለው ሞዴስ፣ ከላዩ ጥቁር አጭር ታይት፣ ከዚያ ቱታው። ክፍለ ጊዜው ሊጀመር ሲል ትቀይር። በትንሽ ቦርሳ አንድ ትርፍ ፓንትና ሁለት ሞዴስ ሁልጊዜ ደብተሯ ሥር ይቀመጥ። የሚታጠበውን የጨርቅ ሞዴስ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። አፍራ አልጋ ሥር የምታደርቀው እርጥብ ጨርቅ ይቆጠቁጣታል፣ ያሳክካታል፣ ስትሮጥ ይባስባታል።

በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዓመታት ወሩ ቢዛባ አትደንግጪ። ሞዴሱ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ እየሞላ የሚቀየር ከሆነ፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሳት ወይም ህመሙ ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት ከሆነ ግን ሐኪም ይያት።

አሁን ማንም የማያወራውን ልናገር፣ ጡት ማስያዣ። እናቶች ስለ ጫማ ይጠይቁኛል፣ ጫማው ጥሩ ነው ወይ፣ ስንት ነው፣ የት ይገኛል። ስለ ጡት ማስያዣ የጠየቀችኝ እናት የለችም ማለት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር ተማሪ ልጃገረዶችን የጠየቀ አንድ ጥናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ጡታቸው በስፖርት ተሳትፏቸው ላይ ተጽዕኖ እንዳለው መናገራቸውን አግኝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በማደግ ላይ ያለ ጡት ሲነካም ያማል፣ ስትዘል ይንቀሳቀሳል፣ ሲንቀሳቀስ ያማል፣ ወንዶቹ ያያሉ፣ አንዱ ይስቃል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ትከሻዋን አጉብጣ ትሄዳለች። ለጀርባ ህመም ወደ እኔ የመጡ ልጆች ውስጥ በዚህ መንገድ የጎበጡ አሉ።

ለስፖርት የሚሆነው ዓይነት ከታች ሰፊ ላስቲክ ያለው፣ ማንጠልጠያው የማይቆርጥ፣ ደረቷን ሰብስቦ የሚይዝ ነው። መሸጫው ውስጥ ለብሳው እጇን ወደ ላይ ታንሳ፣ ከታች ያለው ላስቲክ ተከትሎ ከወጣ ሰፍቷታል። ከዚያ ሁለት ሦስቴ ትዝለልበት። መተንፈስ ከከበዳት ደግሞ ጠቧታል። ያንቺን ወይም የታላቅ እህቷን አትስጫት፣ የሰው ልክ ለሌላው አይሆንም። ውድ መሆን የለበትም። ስትገዢ ብቻችሁን ሂዱ፣ ወንድሟንም አባቷንም ይዘሽ አትሂጂ። ከላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ፣ ጠቆር ያለ ቲሸርት። ሂጃብ የምትለብስ ልጅ ከሆነችም ችግር የለውም፣ በመርፌ የማይያዝ፣ አንገት ሥር የሚገጥም ቀለል ያለ ጨርቅ ይበቃታል። ፊፋም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቅዶታል፣ የትምህርት ቤት መምህር የሚከለክልበት ምክንያት የለም።

አባቷ። ስለ ክብሯ መጨነቁን አልወቅስበትም፣ የተነገረው ነገር ግን ስህተት ነው። ድንግልና የሚባለው ስስ ሥጋ የሚለጠጥ ነው፣ ቅርጹም ከሴት ሴት ይለያያል፣ አንዳንዷ ስትወለድም ያላት ጥቂት ነው። ዝላይ፣ ሩጫ፣ ብስክሌት የልጅን ድንግልና አይወስዱም። ሥጋውን አይቶ ይህች ልጅ ግንኙነት ፈጽማለች ወይም አልፈጸመችም ብሎ በእርግጠኝነት መናገር የሚችል ሐኪም የለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ የሚባለው ነገር ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ያሉት ለዚህ ነው። ይህን ለባልሽ አንቺ መንገር ከከበደሽ የሚያምነው ሐኪም ይንገረው። ልጅቷ ፊት ግን አትከራከሩበት።

«ምን ያደርግላታል» ላለው ደግሞ መልሴ አጥንት ነው። ሰው በጉልምስናው ከሚኖረው የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ የሚከማቸው በጣም በፍጥነት በሚያድግባቸው 2 ዓመታት ገደማ ውስጥ ነው። ለሴት ልጅ ይህ ጊዜ 12 እና 13 ዓመት አካባቢ ነው፣ ማለትም አሁን። አጥንት የሚጠነክረው ደግሞ ሲዘለልበት፣ ሲሮጥበት ነው። በዚህ ዕድሜ ያልተጠራቀመውን በ30 ዓመቷ በወተትና በኪኒን ሙሉ ለሙሉ መመለስ ይከብዳል። ስለ ልቧ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ጭንቀቷ ሳልናገር ነው ይህ።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ላንሳ። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋን የኦሎምፒክ ወርቅ ካመጣች፣ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶን ካሸነፈች በኋላ እኛ ጋ ስፖርት ማለት ሜዳሊያ ሆኖ ቀረ። የምትፈጥን ልጅ ትመረጣለች፣ የማትፈጥነው «አትችልም» ትባላለች፣ እሷም አምና ትቀመጣለች። በትምህርት ቤትም የሚሆነው ይኸው ነው፣ ሦስት አራት ልጆች ለውድድር ይሠለጥናሉ፣ ሌላው ተመልካች ነው። ልጅሽ ሯጭ እንድትሆን አንፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ የሚመክረው በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ደህና አድርጎ የሚያስተነፍስ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ውስጥ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነው። 60 ደቂቃው ባንድ ጊዜ መሆን የለበትም፣ ውድድርም መሆን የለበትም። ሱዚ ይቆጠራል። ምናልባት ከሁሉም በላይ የሚቆጠረው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ዝላይ ነው፣ በነፃ ነው፣ እሷም ትወደው ነበር።

አሁን ወደ ቤትሽ ልምጣ፣ አትቆጪኝ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ወንድሟ የት ነው? እሷስ? ብዙ ቤት ውስጥ ወንዱ ቦርሳውን ወርውሮ ይወጣል፣ ሴቷ ዕቃ ታጥባለች፣ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ከዚያ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ይመሻል። ክፋት የለበትም፣ ያደግንበት ነው። ግን ልጅቷ የምትጫወትበትን ሰዓት የወሰደው ይኸ ከሆነ መምህሯም ቴኳንዶም አይመልሱላትም። ሥራውን ለሁለቱ እኩል አካፍይ። አንድ ቀን እሱ ያጥባል፣ አንድ ቀን እሷ።

ሰፈሩም ተለውጧል። ድሮ ኳስ የሚጫወቱበት ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ በቅሏል። 13 ዓመት የሞላት ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ ለከፋ ይጀምራታል፣ አንዳንዴም በአባቷ ዕድሜ ካለ ሰው። «ችላ በያቸው» አትበያት፣ አልሰማሽኝም ነው የምትለው። የት ቦታና በስንት ሰዓት እንደሚያጋጥማት ጠይቂያት፣ መንገዱንና ሰዓቱን ቀይሩ፣ ብቻዋን አትውጣ። በኮሪደር ልማቱ ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድና መብራት ያገኘ ሰፈር አቅራቢያችሁ ካለ አንቺና እሷ አብራችሁ ተራመዱበት፣ ላንቺም አይከፋም።

ጂሙን አልመክርሽም። ክብደት ማንሳት ልጅን ያሳጥራል የሚባለው እውነት አይደለም፣ በሚያውቅ አሠልጣኝ ሥር ቀስ እያለ ከተጀመረ ለታዳጊ ጥሩ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኛው የሰፈር ጂም የተዘጋጀው ለአዋቂ ነው፣ መሣሪያው በአዋቂ ቁመት የተሠራ ነው፣ ዙሪያው መስታወት ነው፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ የሚሠሩት ጎረምሶች ናቸው። ሰው እንዳያየኝ ብላ ከሜዳ የሸሸችን ልጅ መስታወት መሃል ማቆም ነው።

ቴኳንዶ ይሻላል፣ ግን አሁን አይደለም። ፈርታ ያለችን ልጅ አዲስ ቦታ ወስደሽ ብታስመዝግቢያት ፍርሃቷን ይዛው ነው የምትሄደው፣ በሦስተኛው ሳምንት ትተዋለች፣ ያን ጊዜ «ይኸው፣ እዚህም አልሆነልኝም» ትላለች። ይህ ከገንዘቡ በላይ ይጎዳታል።

ከሁሉም በፊት ሁለት ጥንቃቄ። አንደኛው ጤና ነው። ስትሮጥ ራሷን ስታ ታውቃለች? ደረቷን ይወጋታል? ልቧ ያለ ልክ ይመታል? በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? ከእኩዮቿ ይልቅ ደረጃ ስትወጣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች? ከዚህ በፊት ጉሮሮዋን ታማ ከዚያ መገጣጠሚያዋ አብጦ ያውቃል? ከእነዚህ አንዱ ካለ እንቅስቃሴውን አቁሚና ልቧ ይታይ። የጉሮሮ ቁስል በደንብ ሳይታከም ቀርቶ የሚመጣው የልብ ሕመም፣ ሩማቲክ የሚሉት፣ በአገራችን ልጆች ላይ ዛሬም አለ። ከሮጠች በኋላ የሚያስላትና ደረቷ የሚያፏጭ ከሆነ አስም ሊሆን ይችላል፣ አስም ደግሞ ፓፍ ይዛ እየታከመች ስፖርት የምትሠራበት ሕመም ነው። ስትነሳ የሚያዞራት፣ ቶሎ የሚደክማት ከሆነ ደም ማነስ ይታይ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶ ያህሉ ደም ማነስ ነበረባቸው። የብረት እንክብል ራስሽ ገዝተሽ አትስጫት፣ መጀመሪያ ትመርመር። የምትጾም ከሆነ ምስርና ጎመኑን ሎሚ ጨምቀሽ ስጫት፣ ሻይውን ደግሞ ከምግቡ አርቂው፣ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረቱ እንዳይሰርጽ ያደርጋል። እስከ 9 ሰዓት ጾማ የዋለች ልጅ በባዶ ሆዷ ፈተና እንድትሮጥ አትገደድ፣ ረመዳን ላይም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው። ስፖርቱን ሳይሆን አንድን ሰው የምትሸሽ ከመሰለሽ፣ የመምህሩ ወይም የአንድ ልጅ ስም ሲነሳ ፊቷ ከተለዋወጠ፣ መጸዳጃ ቤት ብቻዋን መሄድ ከፈራች፣ እንቅልፏ ከተረበሸ፣ ከላይ ያልኩሽን ሁሉ ወደ ጎን አድርጊው። አታፋጥጫት፣ አታስምያት። «የምትነግሪኝን አምናለሁ፣ አልቆጣሽም» በያት፣ የምትለውን አድምጪ። የነካት ሰው ካለ ወደዚያ ክፍለ ጊዜ አትመለስ፣ ጉዳዩም በሽማግሌ አያልቅም፣ ለፖሊስና ለጤና ተቋም ነው የሚሄደው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ አይደለም። ቢሆን ግን በዝምታ የሚያልፍ ቀን ሁሉ ይጎዳታል።

እንግዲህ የምመክርሽ ይህ ነው። ጂም አይሆንም። ቴኳንዶ አሁን አይሆንም፣ በኋላ ይሆናል። መተው ፈጽሞ አይሆንም።

በዚህ ሳምንት አነጋግሪያት። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «ለምንድን ነው?» አትበያት፣ ምርመራ ይሆንባታል። ፀጉሯን ስትሠሪያት ዓይን ለዓይን አትተያዩም፣ ያን ጊዜ ልጆች ይናገራሉ። ጥያቄሽም «ከስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ ነገር መቀየር ብትችዪ ምን ትቀይሪ ነበር?» ይሁን። ዝም ብትል አትጫኛት፣ ሌላ ቀን ድገሚው። ስለ ፀጉርም ካነሳን፣ ሹሩባዋ አዲስ የተሠራ ቀን በላብ እንዳይበላሽባት ብላ የምትቀመጥ ልጅም አለች፣ የምትሠሪያትን ቀን ከስፖርት ቀኗ በኋላ አድርጊው።

ልብሱን በተመሳሳይ ሳምንት ጨርሺው፣ ጡት ማስያዣ፣ ታይት፣ ልኳ የሆነ ቱታ፣ ትንሿ ቦርሳ። ሁሉንም ባንዴ መግዛት ካልቻልሽ ከጡት ማስያዣውና ከታይቱ ጀምሪ፣ ጫማው ይቆያል። ለሲሚንቶ ሜዳ ሶሉ ያላለቀ ማንኛውም ስኒከር ይበቃል።

ከዚያ መምህሩ ጋ ሂጂ። ልትወቅሽው አትሂጂ፣ እሱም ባንድ ኳስ ክፍል ሙሉ ልጅ ነው የተሰጠው። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂው። ፈተናውን ሴቶቹ በቡድናቸው፣ ሌላው እያየ ሳይሆን ይሥሩ፣ ሲት አፕ ላይም እግሯን የሚይዛት ሴት ጓደኛዋ ትሁን። መጸዳጃ ቤት መሄድ ስትፈልግ እጅ አውጥታ ምክንያት ሳትናገር ትሂድ። ሰነፍ የሚለው ቃል ከእንግዲህ በልጆች ፊት አይነሳ። ስለ ወር አበባዋ እሷ ሳትፈቅድልሽ አንዲት ቃል አትናገሪ። እምቢ ካለ ወደ ርዕሰ መምህሩ ውሰጂው፣ እዚያም ካልሆነ ወደ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ብቻሽን ሳይሆን የሌሎች ሁለት ሦስት ልጃገረዶችን እናቶች ይዘሽ። ሜዳ የሌለውን ትምህርት ቤት ሜዳ ልታወጪለት አትችዪም። የመጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ ግን ባንድ ቀን የሚገጠም ነገር ነው፣ እሱን ሳያስገጥሙ አትመለሱ።

ቤት ውስጥ ደግሞ በሳምንት 3 ቀን፣ 20 ደቂቃ፣ ሱዚ ወይም ገመድ ዝላይ። ግቢ ውስጥም ይሆናል፣ ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ከታች ያለው ክፍት ቦታ ላይ። አንድ ጓደኛዋን ትጥራ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጃገረዶች ጓደኛቸው ካለች ይመጣሉ፣ ከሌለች አይመጡም፣ ከዚህ የበለጠ የሚሠራ ዘዴ አላየሁም። አባቷንም ማሳተፍ ከፈለግሽ ገመዱን እሱ ያዙርላት። አንቺም መጋቢት አካባቢ የሚደረገውን የሴቶች ብቻ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አብረሻት ብትወጪ ጥሩ ነው። እዚያ ሯጯም ትሮጣለች፣ ወፍራሟም ቀጭኗም እየጨፈረች ትሄዳለች፣ ከጎዳናው መሃል ሴት ብቻ ነው ያለው፣ ልጅሽ ይህን አንድ ጊዜ በዓይኗ ማየቷ ብዙ ነገር ያቀልላታል።

ለውጡን በሁለት ወር ውስጥ እንጂ በሁለት ሳምንት አትጠብቂ። መጀመሪያ የሚጠፋው የጠዋቱ የሆድ ህመም ነው። ኳሱን ለመቀማት ወንዶቹ መሃል ገብታ መጋፋት ላትጀምር ትችላለች፣ እሱም ግድ አይደለም።

ከዚያ ክረምት ሲመጣ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ቴኳንዶውን አብራችሁ እዩት። ሳትመዘገቡ ሁለት ጊዜ ሂዱና ሙሉውን ሥልጠና ቁጭ ብላችሁ ተከታተሉ። ስንት ሴት ልጅ አለ? ብቻዋን ሴት የምትሆንበት ቦታ ከሆነ ሌላ ፈልጊ። አሠልጣኙ ሲያስተካክላቸው እንዴት ነው የሚነካቸው፣ ሲሳሳቱስ ምን ይላቸዋል? ወላጅ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል? አይቻልም ከተባልሽ እዚያው ተነሺና ውጪ። ልብስ የሚቀይሩበት የሚዘጋ ክፍል አለ? ሥልጠናው የሚያልቀው ሳይመሽ ነው? 12 ሰዓት ተኩል ላይ አልቆ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆም ከሆነ አይሆንም፣ ወይ አንቺ ትወስጃታለሽ። ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ጠይቀሽ አትመለሺ፣ የዶቦኩንም (የቴኳንዶ ልብሱን)፣ የቀበቶ ፈተናውንም በየስንት ወሩ ስንት እንደሆነ ጠይቂ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚያቋርጠው እሱ ሳይታሰብ ሲመጣበት ነው። የምትመርጠው እሷ ናት። ቴኳንዶውን አይታ ባስኬት ወይም መረብ ኳስ ይሻለኛል ካለችም እሺ በያት፣ ለአንድ ወር ብቻ ክፈዪ፣ የሦስት ወሩን ቅናሽ አትቀበዪ።